ለገሀርን ጣሊያን አልሠራውም፣ አዲሱ ባቡርም አልዘጋውም

ሰሞኑን ስለ ለገሀር ባቡር ጣቢያ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔ የላከችልኝ እህቴ ናት። ከሥሩ «የአባባን ጣቢያ አፈር ድሜ አስጋጡትኮ፣ ዝም ልትል ነው?» ብላበታለች። አነበብኩት፣ ደግሜም አነበብኩት፤ ዝም ማለት ግን አልሆነልኝም።

ጽሑፉን ላላየ ሰው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ጸሐፊው የጣቢያውን ሕንፃ የሠራው ጣሊያን ነው ይላሉ። «ለገሀር» የሚለው ስም «ለገ ሀሬ» ከሚል የኦሮምኛ ስያሜ የመጣ ነው ይላሉ። አጼ ምኒልክ ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ በክብር ቆመው እንደተቀበሉት፣ ከጣቢያው ፊት ያለው አንበሳ የብሔራዊ ቴአትር ሲመረቅ እንደተተከለ፣ የድሮውን ባቡር የገደለው ቻይናዎች የሠሩት አዲሱ መስመር እንደሆነ ይተርካሉ። መደምደሚያቸው ደግሞ መስመሩ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው የባዕድ ንብረት ስለነበረ፣ ሕንፃው ነገ ቢፈርስ የሚጎዳ ኢትዮጵያዊ የለም የሚል ነው።

አባቴ በዚያ ጣቢያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቷል። ሥራው መስመር መቀየርና ፉርጎ ማገናኘት ነበር። እኔ ያደግሁት የባቡር ጡሩምባ ሰዓት በሚነግርበት ቤት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ለእኔ ሩቅ አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ መናገሬ አንባቢ ሚዛኑን እንዲይዝ ነው። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የፈረንጁን ስጠቅስ «እ.ኤ.አ.» እላለሁ።

ከቀላሉ ልጀምር። ዛሬ ቆሞ የምናየው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ኅዳር 24 ቀን 1922 ነው። የነደፈው ፈረንሳዊ አርክቴክት ነው። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928። በመካከሉ ከስድስት ዓመት በላይ አለ። ጣሊያን ሲገባ ሕንፃው ቆሞ ጠበቀው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን መስመሩ ላይ ያመጡት «ሊቶሪና» የምትባለዋን የፊያት ሥሪት ፈጣን ባቡር ነው። የድሮ ሰዎች ስለ ጣቢያው ሲያወሩ ሊቶሪናን ስለሚያነሱ ስህተቱ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ባቡሯ የጣሊያን ነበረች፤ ቤቱ ግን አይደለም።

ስለ ስሙ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጸሐፊው እዚህ ላይ ያነሱት ነገር በባዶ ሜዳ የተነሳ አይደለም። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በኦሮምኛ ስሞች የተሞላች ናት። «ለገ» ማለት ወንዝ፣ ጅረት ነው፤ ለገጣፎና ለገዳዲን የሚያውቅ ሰው ለገሀርንም ከእነሱ ወገን ቢቆጥር አይፈረድበትም። የከተማዋን የቀድሞ ስሞች መመለስና ማወቅ የሚፈልግ ሰው ደግሞ የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ይህ ስም ግን ከዚያ ወገን አይደለም። ኩባንያው የፈረንሳይ ነበር፤ የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ «ላ ጋር» ይባላል። ከጣቢያው አጠገብ የነበረው ምግብ ቤት ስሙ «ቡፌ ደ ላ ጋር» ነው፤ የቃሉ ዋና መልክ ሳይነካ እዚያ ተቀምጦልናል። ፉርጎ የምንለውም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው፤ አባቴ ትምህርቱ ከአምስተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ሆኖ የሥራ ቃሎቹ ግማሾቹ ፈረንሳይኛ ነበሩ።

«ጋር» እንዴት «ገሀር» ሆነ ላለ፣ እኔ እንዲህ ይመስለኛል። አማርኛ ውስጥ «ጋር» የሚባል ቃል አለ፤ «ከእሱ ጋር፣ ከእሷ ጋር» እንላለን። ቦታ ለመጥራት አይመችም። ፈረንሳዩም መጨረሻዋን «ር» ከጉሮሮው ስለሚያወጣት እኛ ጆሮ ላይ አንዲት «ሀ» ጣል አድርጋ ታልፋለች። ሕዝቡ የሰማውን ወስዶ ለራሱ አፍ እንዲስማማ አድርጎ አበጀው። ለእኔ ይህ ራሱ የባለቤትነት ምልክት ነው። ፓሪስ ውስጥ «ለገሀር» ብትሉ የሚሰማችሁ የለም፤ ቃሉ የሚሠራው አዲስ አበባ ብቻ ነው።

ወደ ምኒልክ ልምጣ። ጽሑፉ በጣም ያሳዘነኝ እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም እውነተኛው ታሪክ ከተተረከው እጅግ የሚበልጥ ነው።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 አረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1917፣ ንግሥት ዘውዲቱ ነግሠው፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆነው። ንጉሡ ባቡራቸው በከተማቸው ሲያፏጭ አልሰሙም። ቆመው የተቀበሉት ባቡር የለም።

የፈቀዱት ግን እሳቸው ናቸው፣ በ1886። ጣሊያን ምጽዋን እ.ኤ.አ. በ1885 ከያዘች በኋላ አገሪቱ ወደ ባሕር የምትወጣበት ሌላ በር ያስፈልጋት ነበር። ፈቃዱ የተሰጠው አማካሪያቸው ለነበረው ለስዊዙ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሌዮን ሼፍኖ ነው። ውሉ መስመሩን በሦስት ይከፍለዋል፤ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ አድርጎ እስከ ነጭ ዓባይ። ሦስተኛው እስካሁን በወረቀት ላይ ነው። ሁለተኛውም እንዲያው በዋዛ አልተገኘም።

ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐረር ተራራ ግን ለሀዲድ አልመች አለ። መስመሩ ከታች ሜዳውን ይዞ ሄደ፤ በ1895 ባቡሩ ያረፈበት ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። ድሬዳዋን የወለዳት ይህ መስመር ነው፤ የከተማዋ ሰው ይህን ለልጁ ሲነግር ይኖራል።

ጸሐፊው ሳያዩት ያለፉት ዋናው ነገር ከዚህ ይጀምራል። ኩባንያው ገንዘብ አጠረው። የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. የካቲት 1902 ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ሊሰጥ ገባ፤ በምላሹ መስመሩ ላይ የማዘዝ ሥልጣን አገኘ። ምኒልክ አልተጠየቁም። በእሳቸው ፈቃድ፣ በእሳቸው መሬት ላይ የሚሠራ መንገድ የሌላ መንግሥት እጅ ሲገባ አዩ። መስመሩ ድሬዳዋ ደርሶ ሲመረቅ እንኳን ደስ ያለዎት ሊባሉ ሲጠበቁ፣ ንጉሡ በዓሉ ላይ አልተገኙም። አስቡት፤ ያን ያህል ዓመት የጓጉለትን ነገር ምርቃት ያልሄዱት ስላልወደዱት አይደለም። የማን እንደሆነ ስለተጠራጠሩ ነው።

ከዚያ ሀዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1906 መጨረሻ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ሦስቱ ተቀምጠው ኢትዮጵያን የጥቅም ክልል አድርገው ሲፈራረሙ የባቡሩ መስመር ከውሉ አንዱ ነጥብ ነበር። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ። እ.ኤ.አ. በ1908 አዲስ ፈቃድ የወጣው የምኒልክ ሐኪም በነበረው በጓድሉፑ ተወላጅ በዶክተር ቪታሊየን ስም ሲሆን፣ አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ቀጠለ። አዋሽን ተሻግሮ፣ ናዝሬትን፣ ሞጆን፣ ደብረ ዘይትን፣ አቃቂን አልፎ ከባሕር ጠርዝ የተነሳው ሀዲድ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቶ ለገሀር ደረሰ። ሲያልቅ 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ «ንጉሡ ቆመው ተቀበሉት» በምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር መሸፈን ክብር መስጠት አይደለም። የምኒልክን ሥራ መንጠቅ ነው።

ስለ ባለቤትነት ደግሞ ጸሐፊው ከፊል እውነት ይዘዋል፤ አልክድም። ኩባንያው የፈረንሳይ ነበር፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ለብዙ ዘመን ፓሪስ ነበር። ለዚህም ነው የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቫል እ.ኤ.አ. በ1935 መጀመሪያ ከሙሶሊኒ ጋር ሲስማማ ከባቡሩ አክሲዮን 2,500 ለጣሊያን እስከ መስጠት የደረሰው። እኛን ለመውረር በሚዘጋጅ መንግሥት እጅ የእኛ መንገድ አክሲዮን ገባ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

«እስከ ፍጻሜው» የምትለዋ ቃል ግን ሐሰት ናት። እ.ኤ.አ. በ1959 በተፈረመው ስምምነት ኢትዮጵያ የአክሲዮኑን ግማሽ አገኘች፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1977 ነጻ ከወጣች በኋላ ደግሞ መስመሩ የሁለቱ አገሮች የጋራ ድርጅት ሆነ፤ ስሙም የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ተባለ። አባቴ የሠራው በሁለቱም ዘመን ነው። ደመወዙን የተቀበለው ከዚሁ ከለገሀር መስኮት ነው፤ ጡረታውንም ያገኘው ከዚህ አገር ነው። ምኒልክ ጠርጥረው ከቀሩበት የድሬዳዋ በዓል እስከ እ.ኤ.አ. 1959ኙ ስምምነት ከ50 ዓመት በላይ የፈጀ የይገባኛል ትግል አለ። መጀመሪያውን ብቻ ይዞ «የባዕድ ነበር» ማለት፣ ያን ሁሉ የታገሉትን ሰዎች ከነልፋታቸው መሰረዝ ነው።

የአንበሳውን ጉዳይ በአጭሩ ልመልስ። ሁለት አንበሶች አሉ። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው፣ ከድንጋይ የተሠራው ግዙፉ አንበሳ የፈረንሳዊው ቀራፂ የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው፤ ለአጼ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ ዓመት የንግሥ በዓል እ.ኤ.አ. በ1955 ቆመ። ከባቡር ጣቢያው ፊት ያለው፣ ዘውድ የደፋው የይሁዳ አንበሳ ሌላ ነው። እሱ የዦርዥ ጋርዴ ሥራ ሲሆን፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ለሚከበረው ዘውድ በዓል የተተከለ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ አድርገው ታሪካቸውን ቀላቀሉት፤ የቀላቀሉት ደግሞ ሊቀላቀል የማይገባውን ነው። ምክንያቱም ፋሺስቶች ነቅለው ሮም የወሰዱት የጣቢያውን አንበሳ ነው። ሮም ላይ በዶጋሊ ለሞቱ የጣሊያን ወታደሮች ከቆመው ሐውልት ሥር አስቀመጡት። ቦታው ከሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ቅርብ ነው፤ ከአንዱ ጣቢያ ተነቅሎ ሌላ ጣቢያ አጠገብ ተጣለ ማለት ነው። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ሮም ላይ ሰይፍ የመዘዘው እዚያው ነው። አንበሳው የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ልጆች ሆነን አባታችን በዚያ ሲያሳልፈን ቆም ብሎ ባርኔጣውን ያነሳ ነበር። ለንጉሡ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ስጠይቀው «ለዘርዓይ ነው» አለኝ።

ከዚሁ ጣቢያ መስመር ጋር የተያያዘ ሌላም ቀን አለ፤ ጽሑፉ አላነሳውም። አጼ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የሄዱት በዚህ ባቡር ነው፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928፣ ጣሊያን ከተማው ከመግባቱ ሦስት ቀን ቀድሞ። መሄዳቸው ተገቢ ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። ክርክሩ የሚነሳበት ሀዲድ ግን ይኸው ነው።

አሁን ወደ «ማን ዘጋው» እንሂድ። ጸሐፊው እንዳሉት አዲሱ ባቡር መጥቶ አሮጌውን አባረረው። ቀኖቹ ይህን አይሉም። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ይሄድ የነበረው ባቡር የቆመው በ2000 ገደማ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009፣ መንገደኛና ጭነት በመደበኛነት ማመላለስ የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ነው። በመካከሉ ለገሀር ባቡር ሳያይ ስምንት ዓመት ያህል ተቀምጧል። ሀዲዱ ላይ ሣር በቅሎ በዓይኔ አይቻለሁ። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ባለው በኩል ደግሞ አሮጌው ባቡር እየቆመ እየተነሳም ቢሆን ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ሲሠራ ነበር። ስለዚህ ሟቹ ሲሞት ገዳይ የተባለው ገና አልተወለደም።

የሞተው ቀስ በቀስ ነው፣ በብዙ ምክንያት። በ1969 በተጀመረው የሶማሊያ ወረራ ድልድዮች ተመቱ፤ መስመሩ ለወራት ተቋረጠ። ጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከሀዲዱ ወጥቶ ገደል ሲገባ ከ400 በላይ ሰው አለቀ፤ በአፍሪካ ምድር ከደረሱ የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው እሱ ነው። ያን ሰሞን አባቴ ቤት ውስጥ ቃል አይናገርም ነበር። እናቴ «ምግብ ቀርቧል» ስትለው ተነስቶ ወደ በረንዳ ይወጣል። የሞቱት ውስጥ አብሮ የሠራቸው ነበሩ። ከዚያ ሞተሮቹ አረጁ፤ መለዋወጫ ጠፋ። ጭነቱን ከባድ መኪናው ወሰደው፤ ከበር እስከ በር ያደርሳል፣ ሾፌሩ ሲነጋ ይነሳል፣ ማታ ይደርሳል። አንድ ሜትር ስፋት ያላት የእኛ ሀዲድ በዚያ ዕድሜዋ ልትወዳደረው አልቻለችም። በመጨረሻ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የጥገና ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ ዳር ሳይደርስ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅርብ ላሳይ፤ ጸሐፊው «የፈረንጅ ባቡር» ያሉትን ማን ይሳፈርበት እንደነበር አንባቢ እንዲያይልኝ።

አክስቴ ነጋዴ ነበረች፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል። ከዚህ በርበሬና ቅቤ ይዛ ትሄዳለች፤ ከዚያ ጨርቅ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሽቶ ይዛ ትመለሳለች። ልሸኛት ስሄድ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ውስጥ ወንበሩ እንጨት ነው፤ ብዙ ሰው ተቀምጦበት ጠርዙ ለስልሷል። በበር መግባት ለዘገየ ሰው ነው፤ ሴቶቹ ጆንያውን በመስኮት ያቀብላሉ፣ ልጁን በመስኮት ያቀብላሉ፣ በመጨረሻ ራሳቸው በበር ይገፋሉ። አክስቴ ስትመለስ ከባቡር የምትወርደው ስትሄድ ከነበረችው ሁለት እጥፍ ወፍራ ነው። ልጅ ሆኜ ድሬዳዋ ምግቡ ጥሩ ነው ብዬ አምን ነበር። ቤት ስትደርስ ቀሚስ በቀሚስ ላይ ታወልቃለች፤ አንዴ ቆጥሬ ሰባት ደርሻለሁ። ፊናንስ ጆንያ ይፈትሻል እንጂ የለበሰችውን ሴት አያስወልቅም። በዚያ ንግድ ሦስት ልጆች አስተምራለች። አንዱ ዛሬ መሐንዲስ ነው።

ባቡሩ ሊንቀሳቀስ ሲል መጀመሪያ የሚሰማው ብረት ከብረት ሲጋጭ ነው፤ ከሞተሩ ጀምሮ ፉርጎ በፉርጎ ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለ እስከ ጭራው ይወርዳል። አባቴ መስመሩ መገናኛ ላይ ቆሞ ፋኖሱን ያነሳል። ፋኖሱ በአንድ ወገን ቀይ፣ በሌላው አረንጓዴ መስታወት አለው። አረንጓዴውን ወደ ባቡሩ ያዞረዋል፤ እኔ ከኋላው ስለምቆም ሁልጊዜ የማየው ቀዩን ነበር። ባቡሩ ሲሄድ ለእኔ መብራቱ ሁልጊዜ ቀይ ነው።

ይህ የባዕድ ታሪክ ነው? አክስቴስ? ጅቡቲና ድሬዳዋ፣ መኢሶና አፍደም፣ አዋሽና መተሃራ ጣቢያ ላይ ሻይና እንቁላል ሲሸጡ ልጅ ያሳደጉትስ?

ጸሐፊው ልክ የሆኑበትንም ላንሳ። የአዲሱ ባቡር መንገደኛ መሳፈሪያ ፉሪ ለቡ ነው፤ ከመሃል ከተማ ሩቅ ነው፤ ሻንጣ ይዞ በታክሲ መሄዱ ከባድ ነው ብለዋል። እውነት ነው። የድሮው ጣቢያ ትልቁ ጸጋ ይህ ነበር፤ ከቸርችል ጎዳና በእግርህ ቁልቁል ወርደህ ባቡር ላይ ትወጣለህ። መስከረም 9 ቀን 2008 ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር «ለገሀር» የሚባል ፌርማታ አለው፣ ከፍ ብሎ በድልድይ ላይ። ስሙ በዚያ በኩል ዳነ። ግን ከዚያ ተሳፍሮ ድሬዳዋ የሚሄድ የለም።

የመጨረሻው ነጥባቸው «ቢፈርስ የሚጎዳ የለም» የሚለው ነው። በኅዳር 2011 የለገሀርን 36 ሄክታር ወደ ትልቅ የመኖሪያና የንግድ ሰፈር የሚለውጠው ፕሮጀክት ይፋ ሲሆን፣ የጣቢያው ሕንፃ ቅርስ ሆኖ እንደሚጠበቅ ተነግሯል። ስለዚህ ጸሐፊው ከታቀደው አልፈው፣ አልሚዎቹ እንኳ ያልጠየቁትን እየጠየቁ ነው። ለእኔ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ግድግዳው ይጠበቃል እንበል። ከግድግዳው ኋላ የነበረውስ? ሀዲዱ፣ መጋዘኑ፣ መስመር መቀየሪያው፣ የትኬት መስኮቱ፣ መዝገቡ? ከረጃጅም ፎቆች መካከል ሀዲድ የሌለው ጣቢያ ብቻውን ቢቆም፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያየው ልጅ የባንክ ቅርንጫፍ ነው ብሎ ያልፈዋል። ያኔ ጣሊያን ሠራው ቢሉት ያምናል፤ ቢፈርስ ምን ይጎዳል ቢሉትም ይስማማል። የጸሐፊውን ጽሑፍ በዚህ ዓይን ነው ያየሁት፤ ስህተቶቹ ተደምረው የሚያደርሱት ወደ ማፍረስ ነው፣ ማንም የእሱ ያልሆነውን አይጠብቅምና።

ከዓመታት በፊት ለአባቴ የጡረታ ጉዳይ የአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ገብቼ ነበር። ከጓሮ፣ ዝናብ በሚያገኘው ቦታ፣ የድሮ መዝገቦች ተቆልለው አየሁ። የላይኞቹ በስብሰው ገጾቻቸው ተጣብቀዋል። አንዱን ገለጥኩ። በቀይና በጥቁር ቀለም፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ የሠራተኞች ስም በአማርኛም በፈረንሳይኛም ተመዝግቧል፤ ከስሙ ጎን የገባበት ቀን፣ የሥራው ዓይነት፣ የተቀጣበት ምክንያት። ጠባቂው «ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። «የአባቴን ስም» አልኩት። አዝኖ አየኝና «እኔም የአጎቴን ፈልጌ አላገኘሁም» አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ስመለስ ቁልሉ ተነስቷል። የት እንደሄደ የነገረኝ የለም። ታሪክ እንዲህ ነው የሚጠፋው፤ ቡልዶዘር እስኪመጣ አይጠብቅም።

ድሬዳዋ ላይ የድሮው ወርክሾፕ ከነማሽኖቹ አለ፤ ቀድሞ የሠሩበት ሰዎች እንግዳ ሲመጣ ይህ ይህን ይሠራ ነበር እያሉ ያሳያሉ። አዲስ አበባም ቢያንስ ይህን ያህል ይገባታል። ከጣቢያው ኋላ ጥቂት መቶ ሜትር ሀዲድ ይቅር፤ አንድ ሞተርና አንድ ሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ከነእንጨት ወንበሩ ይቁምበት፤ የትኬት መስኮቱ ይከፈት፤ ጡረተኞቹ በሕይወት እያሉ ያሉትን ይናገሩ፣ ይቀዳ። ይህ ብዙ ቦታ አይወስድም፤ ፎቅም አይከለክልም።

ለጸሐፊው፦ ጽሑፉን ለማረም ፈቃደኛ ከሆኑ ቤቴ ክፍት ነው። አባቴ ዛሬ የለም፤ ፋኖሱ ግን እኔ ጋ ነው። አረንጓዴው መስታወት ተሰንጥቋል፣ ቀዩ ደህና ነው፤ ክሩን ቀይሬ ባለፈው ሳምንት ለኮስኩት፣ ይሠራል። ጣቢያው ውስጥ የሚቀመጥበት መደርደሪያ የተዘጋጀ ቀን ራሴ ይዤው እመጣለሁ።